ውሃ ጭነት ነው፦ ለተንቀሳቃሽ ላቫጆ ታንከር ስንመርጥ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የምረቃ ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በጀመዓችን ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፤ «ከዚህ ወጥተን ምን እንሠራለን?» መሥሪያ ቤት እስኪቀጥረን እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ ሁለት ሦስት ሆነን በሽርክና አንድ ነገር እንጀምር የሚሉ ብዙ ናቸው። ከሚነሱት ሐሳቦች አንዱ ተንቀሳቃሽ ላቫጆ ነው። ደንበኛው ላቫጆ ሄዶ ወረፋ በመጠበቅ ፈንታ እናንተ ውሃውን፣ ማሽኑንና ሳሙናውን ጭናችሁ ወደ ግቢው ወይም ወደ መሥሪያ ቤቱ ትሄዳላችሁ፤ መኪናውን ከውስጥም ከውጭም አጽድታችሁ ትመለሳላችሁ። ሐላል ሥራ ነው፤ በየዋናው መንገድ ቦታ መከራየትም አይጠይቅም።

ይህን የሚያስቡ ወንድሞች እኛን የምህንድስና ተማሪዎችን የሚጠይቁን ብዙ ጊዜ «የስንት ሊትር ታንከር እንግዛ?» ብለው ነው። መልሱ ግን ከሊትር አይጀምርም። ቤት ውስጥ የሚተከል ሮቶ ስንገዛ የምናስበው ስንት ቀን እንደሚያደርሰን ብቻ ነው፤ ሮቶው ቆሞ ይውላል። መኪና ላይ የሚጫን ታንከር ግን አቀበት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ከማጠራቀሚያነቱ በፊት ጭነት መሆኑ መታሰብ አለበት። ምርጫው ከተበላሸ የሚባክነው ያዋጣችሁት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም የመንገደኛውም ነፍስ አለበት። አመራረጡን በቅደም ተከተል እንየው።

አንድ ሊትር፣ አንድ ኪሎ

የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነው። 300 ሊትር ማለት 300 ኪሎ፣ 1000 ሊትር ማለት አንድ ቶን ነው። ይህን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ገበያ ውስጥ ባዶውን ታንክ በአንድ እጃችን ስናነሳው ግን እንረሳዋለን።

ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት የታንከሩ ዋጋ ሳይሆን የተሽከርካሪው ሊብሬ ነው። የመጫን አቅሙ ስንት ኪሎ ይላል? ሹፌሩ በዚያ ውስጥ ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም? ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር፣ ትንሽ ቫንና ፒካፕ የሚሸከሙት በጣም ይለያያል፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ፒካፖች እንኳ አንዱ ባለ አንድ ጋቢና ሌላው ባለ ሁለት ጋቢና ከሆነ አቅማቸው እኩል አይሆንም። «ሌሎች ከዚህ በላይ ይጭኑበታል» የሚለው ወሬ መለኪያ አይደለም። ባሌስትራው ቢችል እንኳ ፍሬኑ የተሠራው ለተጻፈው ክብደት ነው።

ከአቅሙ ላይ ከውሃው በፊት የሚቀነሱ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ ሹፌሩ ሳይቆጠር 500 ኪሎ የሚጭን ተሽከርካሪ አለን እንበል። ረዳቱ 70 ኪሎ፣ የቤንዚን ግፊት ማጠቢያ ማሽኑ 30፣ የታንከሩ የብረት መቀመጫ 30፣ ትንሽ ጄኔሬተርና የአቧራ መምጠጫ 40፣ ሳሙናው፣ ባልዲውና ጨርቁ 20፣ ባዶው ታንከር ራሱ 20 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 210 ኪሎ ነው። ለውሃ የሚቀረው 290 ኪሎ፣ ማለትም 290 ሊትር ብቻ ይሆናል። በጭንቅላታችን 500 ሊትር ይዘን የጀመርነው ሐሳብ እዚህ ላይ ሊጠጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ለአንድ መኪና ስንት ሊትር?

ሁለተኛው ቁጥር የሚገኘው ከሥራው ነው። ትንሽ የግፊት ማጠቢያ ማሽን በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ውሃ ይረጫል። 7 ሊትር ብለን እንያዝ። መጀመሪያ አቧራውንና ጭቃውን ለማራገፍ 2 ደቂቃ፣ በመጨረሻ ሳሙናውን ለማጠብ 3 ደቂቃ ብንረጭ 5 ጊዜ 7፣ 35 ሊትር ይሆናል። ለሳሙናው ባልዲና ለጨርቅ ማለቅለቂያው 15 ሊትር ስንጨምርበት 50 ሊትር ይመጣል። በክረምት ጭቃው ከመኪናው ሥር ሲጋገር ከዚህ በላይ ይፈጃል።

በቀን 6 መኪና ለማጠብ ካሰባችሁ 6 ጊዜ 50፣ 300 ሊትር ነው። ለመጠባበቂያ አምስት አንድ እጅ ሲጨመር 360 ሊትር ይሆናል። መጠባበቂያው ቅንጦት አይደለም፤ መኪናው ላይ ሳሙና ተቀብቶ ውሃ ማለቁ ደንበኛን የሚያሳጣ ነገር ነው። በፀሐይ የደረቀ ሳሙና ቀለሙ ላይ ምልክት ይተዋል።

አሁን ሁለት ቁጥሮች አሉን። ሥራው 360 ሊትር ይፈልጋል፤ ተሽከርካሪው የሚችለው 290 ነው። እዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና «ትንሽ ብናስበልጥ ምን አለበት» ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው እኩለ ቀን ላይ መሙላት ነው። ውሃ የሚቀዳበትን ቦታና የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። በደቂቃ 10 ሊትር ከሚያወርድ ቧንቧ 300 ሊትር ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አዲስ አበባን በመሰለ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ደግሞ ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ በውሃው ቀን ተሞልቶ የሚጠብቅ ሮቶ ያስፈልጋል። ትልቁን ታንክ መግዛት ካለባችሁ ቦታው እዚያ ነው፤ መሬት ላይ፣ ቆሞ።

ሁለተኛው የሚፈጀውን ውሃ መቀነስ ነው። አቧራ ብቻ የያዘን መኪና ሳይለቀለቅ በሚጠረግ ፈሳሽ፣ በአንድ ባልዲ ውሃና በብዙ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ማጽዳት ይቻላል። ጭቃ ለያዘ መኪና ግን ይህ አይሆንም፤ አሸዋው ከጨርቁ ጋር ቀለሙን ይፍቀዋል። በውሃ መቆጠብ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው፤ ይህም ከአንድ ሊትር ያነሰ ውሃ ነው።

ሦስተኛው የበለጠ አቅም ያለው ተሽከርካሪ መፈለግ ነው። ይህ ግን የንግዱን ስሌት በሙሉ ስለሚለውጥ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነው።

ግማሽ የሞላ ታንከር

ሲሚንቶ የጫነ መኪና ፍሬን ሲይዝ ሲሚንቶው ከተጫነበት አይነቃነቅም። ውሃ ግን መኪናው ሲቆም ጉዞውን ይቀጥላል፤ ከፊት ያለውን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፤ ተመልሶም የኋላውን ይመታል። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ሊቆም ሲል ከኋላ የሚገፋው ነገር ያለ ይመስለዋል። በመታጠፊያ ላይ ደግሞ ውሃው በአንድ ጎን ተከምሮ ተሽከርካሪውን ወደዚያው ያዘነብለዋል።

እስከ አፉ የሞላ ታንከር ውሃው የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ብዙ አይናጥም። ባዶ ሊሆን የተቃረበም ውሃው ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። አስቸጋሪው ግማሽ ገደማ የሞላው ነው። የእናንተ ታንከር ደግሞ ከሁለተኛው መኪና በኋላ ቀኑን ሙሉ ጎዶሎ ሆኖ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «1000 ሊትር ገዝተን በ300 እንጠቀምበታለን» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። ክብደቱ ቢቀንስም ውሃው የሚናጥበት ሰፊ ሜዳ ያገኛል።

መፍትሔው ውሃውን መከፋፈል ነው። በብየዳ የሚሠራ ታንከር ከሆነ ውስጡ ግርዶሽ እንዲገባበት እዘዙ። ግርዶሹ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ከታችና ከላይ ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በአንድ ባለ 300 ሊትር ፈንታ ሁለት ባለ 150 ሊትር ግዙ፤ ለየብቻ ቫልቭ አድርጉላቸውና አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። እንዲህ ሲሆን በማንኛውም ሰዓት የሚናጠው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው።

ለምን እንደሚሠራ የፈሳሽ ሜካኒክስ የወሰዱ ያውቁታል። ታንከሩ ወደ ጎን ሲያዘነብል የውሃው ገጽ የሚያመጣው አለመረጋጋት ከስፋቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ያድጋል። አንዱን ሰፊ ታንከር ከፊት ወደ ኋላ በሚሄድ ድፍን ግድግዳ እኩል ለሁለት ብንከፍለው የእያንዳንዱ ክፍል ውጤት አንድ ስምንተኛ፣ የሁለቱ ድምር ደግሞ አንድ አራተኛ ይሆናል። በአንድ ግድግዳ ብቻ ችግሩ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው።

ቅርጽና ቦታ

300 ሊትር የሚይዝ፣ የአፉ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቋሚ ክብ ታንክ ከፍታው ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ የክብደቱ መካከል ከካሶኒው ወለል 53 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ያንኑ 300 ሊትር በ100 በ80 ሳንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ታንክ ብናደርገው ከፍታው 37 ሳንቲ ሜተር ተኩል ብቻ ይሆናል፤ የክብደቱ መካከልም ወደ 19 ይወርዳል። በተለይ ለባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ይህ ልዩነት በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥና ያለመገልበጥ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋው ግን የውሃው ገጽ ሰፊ ስለሆነ ከላይ ያልነው መከፋፈል ለእሱ የግድ ነው። ዝቅ ያለና የተከፋፈለ ከሁሉ ይሻላል።

ቦታውም እንደ ቅርጹ ይታሰብበት። ታንከሩ ከኋላ ጎማዎቹ በስተኋላ ከተቀመጠ የኋላውን እየተጫነ የፊቱን ያነሳል፤ መሪው ይቀላል። አቀበት ላይ ሲሆን ይብሳል፤ የባለ ሦስት እግር ብቸኛ የፊት ጎማ መንገዱን በደንብ ላይነካ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ከኋላ ጎማዎቹ ትክክል ወይም ትንሽ ወደፊት ይሁን። ማሽኑና ጄኔሬተሩ ከእሱ ስለሚቀሉ በስተኋላ ቢሆኑ ለሥራም ይመቻሉ። ግራና ቀኙም በክብደት እኩል ይሁን።

ከምን የተሠራ?

ፕላስቲኩ፣ ማለትም ሮቶ የምንለው ዓይነት፣ ቀላልና የማይዝግ ነው፤ ዋጋውም ይሻላል። ቋሚው ሮቶ ግን የተሠራው ደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ እንዲኖር ነው። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ቧንቧው የሚወጣበት ቦታ ነው። ተኝቶ የሚቀመጥ፣ ከሥሩ እግር ያለው ዓይነት ከተገኘ ይሻላል። ከታች ወለሉ በሙሉ መደገፍ አለበት፤ በሁለት እንጨት ላይ ማንጠልጠል ከመካከሉ ያጎብጠዋል። ቀለሙ ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን፤ ነጭና ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል፤ ያ ደግሞ የማሽኑን አፍንጫ ይደፍናል።

ጋልቫናይዝድ ላሜራ በያጅ ዘንድ በፈለጋችሁት ልክና ከነግርዶሹ ይሠራል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ሆኖም የብየዳው ሙቀት ዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ሽፋን ስለሚያቃጥለው ዝገቱ የሚጀምረው ከመገጣጠሚያው ነው። ስፌቱ ከውስጥም በዝገት መከላከያ ቀለም መሸፈን አለበት። ስቴንለስ ከሁሉ ይበረታል፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ይከብዳል።

በገበያ ላይ በብረት ፍርግርግ የታቀፈ ነጭ ባለ 1000 ሊትር ያገለገለ ታንክ ታያላችሁ። ባዶውን ብቻ 60 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲሞላ ከአንድ ቶን ያልፋል፤ ስለዚህ ለትንሽ ተሽከርካሪ አይሆንም። ለቤት ማጠራቀሚያነት ቢገዛ እንኳ ከዚህ በፊት ምን ኬሚካል እንደነበረበት ካልታወቀ ይቅርባችሁ። የዘይት በርሜልም እንዲሁ ነው። የቀረው ቅባት ከውሃው ጋር ወጥቶ የሰው መስታወትና ቀለም ላይ ያርፋል። መኪናው በእጃችን ያለ አማና ነው።

አጥብቆ ማሰር

በአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደንብ ማሰሪያው ወደፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ እንዲችል ይጠይቃል። 300 ሊትር ውሃ ከ20 ኪሎ ታንከር ጋር 320 ኪሎ ነው፤ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ 256 ኪሎ የሚሆን ግፊት ወደ ሹፌሩ ይመጣል ማለት ነው። ይህን የሲባጎ ገመድ አይችለውም። ታንከሩ በብረት መቀመጫ ውስጥ ይግባ፤ መቀመጫው በካሶኒው ብረት ላይ በቡሎን ይታሰር፤ ከላይ የሚጠብቅ የጭነት ቀበቶ ይጨመርበት። የሚቻል ከሆነ የታንከሩ ፊት በካሶኒው የፊት ግድግዳ ላይ ይደገፍ። ቀበቶው ፕላስቲኩን እንዳይቆርጠው ከሥሩ ጎማ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይደረግበት።

ትንንሾቹ ዕቃዎች

ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከማሽኑ መግቢያ ያልጠበበ ይሁን። ከታንከሩ እስከ ማሽኑ ያለው ቱቦ ተጣጣፊ መሆን አለበት፤ ደረቅ ቧንቧ በንቅናቄው መገጣጠሚያውን ይሰብረዋል። በመካከሉ ተፈትቶ የሚታጠብ ማጣሪያ ይግባ።

ከላይ የአየር ቀዳዳ የግድ ነው። ክዳኑ ጥርቅም ካለ ማሽኑ ውሃውን ሲስብ አየር የሚገባበት አይኖርም፤ የታንከሩ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፤ ማሽኑም ውሃ ያጣል። ክዳኑ ክንድ የሚያስገባ ይሁን፤ አለበለዚያ ማጠብ አይቻልም። የውሃውን ልክ ለማየት ከጎኑ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ማቆም ይበቃል።

ታንከሩ ከማሽኑ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በንድፈ ሐሳብ እስከ 10 ሜትር ይስባል፤ ከ2300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የቤንዚን ሞተርም በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቀርቷል ማለት ነው። ማሽን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት በሙሉ አገኛለሁ ብላችሁ አታስቡ።

በጀሪካን መጀመር

ይህን ሁሉ ካሰላን በኋላ ለወንድሞች የምንሰጠው ምክር ከታንከር በፊት በጀሪካን ጀምሩ የሚል ነው። 14 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 280 ሊትር ይይዛል። እስከ አፉ ሞልቶ የተዘጋ ጀሪካን አይናጥም፤ ያለቀው ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢቀደድ የሚፈሰው 20 ሊትር ብቻ ነው። ከክፍት ዕቃ ውሃ ስቦ የሚሠራ ማሽን ከተገኘ ከበርሜል ወይም ከትልቅ ባልዲ እየሳበ ይሠራል፤ ማሽኑን ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ጀሪካን ማንሳትና ማውረድ አድካሚ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ገንዘባችሁ ጥቂት በሆነበት ሰዓት ወለድ ውስጥ ሳትገቡ በያዛችሁት ለመጀመር ያስችላል።

ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ወር ለእያንዳንዱ መኪና ስንት ጀሪካን እንደሄደ በደብተር ጻፉ። እኛ እዚህ 50 ሊትር ያልነው ግምት ነው፤ በእጃችሁ፣ በማሽናችሁና በሰፈራችሁ ጭቃ የሚወጣው ቁጥር ግን የራሳችሁ ነው። ድሬዳዋን በመሰለ ውሃው ጨዋማ በሆነበት ከተማ ደግሞ የሚደርቀው ጠብታ ነጭ ምልክት ስለሚተው ለጨርቅ እንጂ ለውሃ ብዙ እንደማታወጡ ልታዩ ትችላላችሁ። ከወሩ በኋላ በያጁ ወይም ሻጩ ዘንድ የምትሄዱት ሁለት የታወቁ ቁጥሮች ይዛችሁ ነው፤ ሥራው የሚፈልገውንና ተሽከርካሪው የሚችለውን። ከሁለቱ ያነሰው የታንከራችሁ ልክ ነው።

ቆሻሻው ውሃ የሚፈስበትን ቦታና ፈቃዱን በተመለከተ ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳችሁን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ በመንገድ ዳር ማጠብ ከደንብ አስከባሪ ጋር ያጋጫል። ስሌቱን በራሳችሁ ተሽከርካሪ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ የሊብሬውን ቁጥርና የካሶኒውን ልክ ይዛችሁ ኑ፤ ከዐስር በኋላ ቁጭ ብለን አብረን እንሠራዋለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሪዝቃችሁን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግላችሁ።